ኤምአርአዩ «ኖርማል» ነው ተባልን፤ ታዲያ ወንድሜ ምን ሆኖ ነው?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስከ ዛሬ አንብቤ እወጣ ነበር እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ።

ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከጥር ጀምሮ ልጁ ሌላ ሰው ሆነብን። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ጓደኞቹን ራቀ። ከዚያ «ይሰሙኛል» ብሎ ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው። የቤቱን ሶኬቶች አንድ በአንድ በፕላስተር ለጠፋቸው። ፍሪጃችን ከጥር ወዲህ ቁምሳጥን ሆኗል።

እናቴ ቡና ስታፈላ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሲኒ ይቆጥራል። ስድስት ሰው ተቀምጦ ሰባት ሲኒ ከቀረበ አይገባም። «ሰባተኛው የማን ነው?» ይላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ዘመድ መከረንና አዲስ አበባ ወስደን የአንጎል ኤምአርአይ አስነሳነው። ብሩ ከእናቴ ዕቁብ ነው የወጣው። ውጤቱ «ኖርማል» ይላል። እናቴ አልሐምዱሊላህ ብላ አለቀሰች። እዚህ ደሴ ያየው ሐኪም ግን «የስኪዞፍሬኒያ ጅማሬ ይመስላል፤ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ሁኔታ ላይ ለውጥ የሚኖርበት በሽታ ነው» ብሎ መድኃኒት ጻፈለት።

መድኃኒቱ ተገዝቶ ቁጭ ብሏል። አባቴ አላስጀምርም አለ። «ማሽን ያላየውን በሽታ ሰው በምን ዓይኑ አየው?» ነው የሚለው። ሌላ የተሻለ ማሽን ፈልገን እንደገና እናስነሳው እያለ ነው።

ግንኙነቱ ከተበላሸ ማሽኑ ለምን አላየውም?

---

ሸዋ በር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

እህቴ አብሽሪ። ጫት ይቅም ነበር?

የቦርከና ልጅ — ከምሽቱ 3፡55

መጀመሪያ ለፈተና ሰሞን። ኋላ ግን በየቀኑ።

ሸዋ በር — ከምሽቱ 3፡56

በቃ ታውቋል።

---

የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን (ኮምቦልቻ) — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሐኪም አይደለሁም። ግን ሽቦ ሳይበጠስ ማሽን የሚቆምበትን ቀን ቁጠር ብትሉኝ አልጨርሰውም። ቴስተር ታስጠጋለህ፣ መብራት አለ። ኬብሉን ታያለህ፣ ደህና ነው። ሲግናሉ ግን በሰዓቱ አይደርስም፣ ወይም ሌላ ቦታ ይደርሳል። ፎቶ ብታነሳው ምን ይታያል? ኬብል።

---

ሲስተር ከሆጤ (የሳይካትሪ ነርስ) — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ አሁን ነው ያየሁት።

እህቴ፣ ያነሳችሁት ኤምአርአይ ከንቱ አልነበረም። ሥራው ግን ሌላ ነው። ዕጢ አለ ወይ? ደም ፈሷል ወይ? ኢንፌክሽን ወይም የቆየ ጉዳት አለ ወይ? የሚፈልገው እነዚህን ነው። «ኖርማል» ማለት እነዚህ አልተገኙም ማለት ነው። «ልጁ አልታመመም» ማለት አይደለም። ስኪዞፍሬኒያን በፎቶ ወይም በደም ምርመራ ብቻ ይህ ነው ብሎ የሚለይ ሆስፒታል ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ልጁን በማነጋገር፣ ቤተሰቡን በመጠየቅ፣ ጊዜውን በማየት ነው የሚለየው። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ምልክቱ ቢያንስ አንድ ወር መቆየት አለበት። ሐኪሙ «ይመስላል» ያለው ስላልገባው አይደለም። ጥንቁቅ ሐኪም እንዲያ ነው የሚናገረው።

ስለ ጫቱ፦ ሸዋ በር፣ «ታውቋል» ለማለት አትቸኩል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን እንደሚባለው አነቃቂ ዕፅ ነው የሚሠራው፣ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ያበዛል። አብዝቶ መቃም እንቅልፍ ይነሳል፣ ለተጋለጠ ሰው ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስና ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ ያቁም። ግን ወሎ ውስጥ ስንት ሰው ይቅማል? ስንቱስ ታመመ? የቃመ ሁሉ አይታመምም፣ የታመመ ሁሉም ቃሚ አልነበረም። ልጁን «በገዛ እጅህ» እያልን ካስቀየምነው ክኒኑን የሚውጥልን የለም።

አዲስ ማሽን ፍለጋ ግን ገንዘባችሁን አትጨርሱ። በእናታችሁ ዕቁብ ይሁንባችሁ።

---

ጉም በሐረጎ (የደሴ ልጅ፣ አሁን ከአገር ውጭ) — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

የኔ እንጀራ የአንጎል ምስል ስለሆነ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሐኪሙም ልክ ነው፣ ማሽኑም አልዋሸም። በሆስፒታል የሚነሳው ፎቶ የአንጎልን ቅርጽ ያሳያል። እኛ በምርምር «ግንኙነት» የምንለው ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ያው ሊሆን ይችላል፣ አነሳሱ ነው የሚለየው።

አንደኛው መንገድ ሰውየውን ምንም ሳያሠሩ አስተኝቶ ለስድስትም ለስምንትም ደቂቃ ያለማቋረጥ ማንሳት ነው። ሥራ የበዛበት የአንጎል ክፍል ኦክስጅን የያዘ ደም ይጎርፍለታል። ማሽኑ ይህን ይከታተላል። ሁለት የተራራቁ ቦታዎች አብረው ከፍ አብረው ዝቅ የሚሉ ከሆነ «ይነጋገራሉ» እንላለን። ሰው ዝም ብሎ ተኝቶ እንኳን አንጎሉ እንደሚያወጋ እ.ኤ.አ. በ1995 ቢስዋል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ናቸው ያሳዩት።

ሁለተኛው መንገድ ውሃ መከተል ነው። በነርቭ ክር ውስጥ ያለ ውሃ በክሩ ርዝመት መሄድ ይቀለዋል፣ ወደ ጎን ይከብደዋል። የክሩ ስብ ሽፋን ከሳሳ ወይም ክሮቹ ከተዘበራረቁ ውሃው ወደ ጎንም መበተን ይጀምራል። ኢኒግማ የሚባል የተመራማሪዎች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 የ4,322 ሰዎችን ምስል አንድ ላይ አድርጎ በዚህ መንገድ አይቷል። 1,963ቱ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ነበሩ። ልዩነት ተገኘ። አንድ ቦታ ላይ የተበጠሰ ገመድ ግን አልነበረም። ብዙ መስመሮች ላይ ትንሽ ትንሽ መሳሳት ነበር።

አሁን ደግሞ አንድ መናኸሪያ ላሳያችሁ። አንጎል መሃል ላይ ታላመስ የሚባል ክፍል አለ። የደሴን መናኸሪያ አስቡ። የምናየውም የምንሰማውም እዚያ አርፎ ነው ወደየመድረሻው የሚሳፈረው። ጥናቶቹ በብዙ ነገር ይጣላሉ፣ እዚህ ላይ ግን ይስማማሉ ማለት ይቻላል፦ ከመናኸሪያው ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ማለትም ወደሚያመዛዝነው፣ የሚሄደው መስመር ይደክማል። ወደ መዳሰስና ወደ እንቅስቃሴ ክፍሎች የሚሄደው ደግሞ ከልክ በላይ ይጨናነቃል። ሕመሙ ገና ሳይጀምራቸው ስጋት ያለባቸው ወጣቶች ላይም ይኸው ታይቷል። ሰባተኛውን ሲኒ ሳነብ ይህ ነው ትዝ ያለኝ። እኔና እናንተ ያንን ሲኒ እናየዋለን፣ «ትርፍ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የእሱ አንጎል ግን ማለፍ አልቻለም። ለምን ቀረበ? ለማን? ትንሹ ነገር ሁሉ ትርጉም ይጎትታል። ይህ የኔ ግምት እንጂ የልጁ ምርመራ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ስለዚህ «ተበጠሰ» አትበሉ። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ መንገዱ አልተቆረጠም። መኪናው ግን ወይ ይዘገያል ወይ ጎማው ጠርዝ ላይ ይወጣል።

---

የቦርከና ልጅ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጀዛከላህ። ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጸጥ ብሎ ሰማና «ይኸው አለ፤ ማሽን ካለ ለምን የኔን ልጅ በዚያ አያነሱትም?» አለ። ብሶብኝ አረፈ።

---

ጉም በሐረጎ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጥያቄያቸው ትልቅ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥም በየሳምንቱ ይነሳል።

ለጋሼ እንዲህ በይልኝ። የደሴ ሰው ከኮምቦልቻ ሰው ይልቅ ጋቢ ያበዛል። ብርድ ነውና። ሁለት ሺህ ሰው ከዚህ፣ ሁለት ሺህ ከዚያ ብንቆጥር ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይወጣል፣ ማንም አይክደውም። አሁን ሚኒባስ ውስጥ ጋቢ የለበሰ አንድ ሰው ተቀምጧል። የደሴ ነው የኮምቦልቻ? ማን ያውቃል? ኮምቦልቻ ውስጥ የሚበርደው አለ፣ ደሴ ውስጥ በሸሚዝ የሚዞር አለ። ስለ ግንኙነት የምናውቀው ሁሉ እንዲህ ነው። የብዙ ሰው አማካይ ነው። አንድን ልጅ አስተኝተን «ይህ ታሟል፣ ያ ጤነኛ ነው» የምንልበት ደረጃ አልደረስንም።

ሌላም ጣጣ አለ። ማሽኑ ውስጥ ጭንቅላት ሚሊሜትር እንኳን ቢንቀሳቀስ የውሸት ልዩነት ይፈጠራል። ታማሚ ደግሞ ከጤነኛ ይልቅ ይቁነጠነጣል፣ መድኃኒቱም ግንኙነቱን ይለውጣል። ለዚህ ነው ገና የመጀመሪያቸው የሆኑ፣ መድኃኒት ያልቀመሱ ልጆች ለጥናቱ የሚፈለጉት። እነሱ ላይ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር መጣ፦ ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ግንኙነቱ ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ የተገኘበት ጥናት አለ። በጊዜ ሂደት ደግሞ ይለዋወጣል። ገና መጀመሪያው ላይ ያለ አንጎል እና አሥር ዓመት የታመመ አንጎል አንድ አይደሉም።

---

ሸዋ በር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡44

የጋቢዋን ምሳሌ ወስጃለሁ። አልመልስም።

---

አዝዋ ገደል — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ይህን ሁሉ ሳይንስ ትታችሁ ግሸን ማርያም ውሰዱት። ስንቱ ተሸክመውት ወጥቶ በእግሩ ወርዷል። በዚህ ዕድሜ ድንገት የሚመጣ ነገር መንፈስ እንጂ የሽቦ ጉዳይ አይደለም።

የቦርከና ልጅ — ከምሽቱ 4፡08

አክስቴ ደግሞ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) እናስቀምጥለት ትላለች። ማንን ልስማ?

ሲስተር ከሆጤ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ሁላችንም ወሎዬዎች ነን፣ በዚህ አንጣላም። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አልከለከላችሁም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ስሙን ጠርቶ ሲለምንለት ልጁም ብቻውን እንዳልሆነ ያያል። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። ክኒኑ አብሮ ይሂድ። ደግሞም ማንም አይሰረው፣ ማንም አይግረፈው። በሰንሰለት የቆሰለ እግር ስንቴ አጥቤያለሁ መሰላችሁ።

«በዚህ ዕድሜ ድንገት» ላልከው፣ ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜ መሆኑማ ራሱ ምክንያት አለው። ጉም ቢያብራራው ይሻላል።

ጉም በሐረጎ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡20

አንጎል በጉርምስና ዕድሜ ይገረዛል። እንደ ቡና ተክል። ልጅ ሳለን በነርቮች መካከል የተትረፈረፈ መገናኛ ይኖረናል፣ ሲናፕስ ይባላል። ከዚያ የማያስፈልገው እየተቆረጠ የሚያስፈልገው ይጠነክራል። የክሮቹ ስብ ሽፋንም እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ መሸፈኑን ይቀጥላል። ፋይንበርግ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1982 «ምናልባት በስኪዞፍሬኒያ ይህ የመግረዝ ሥራ መስመር ስቶ ይሆናል» አለ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ግምት ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲ-ፎር የሚባል ጂን ከሕመሙ ስጋት ጋር ተያይዞ ወጣ። ይህ ጂን አይጦች ላይ ሲናፕስ በመቁረጥ ሥራ ውስጥ እጁ እንዳለበት ታየ። ያለቀለት መልስ አይደለም። ግን ሕመሙ ለምን በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ብቅ እንደሚል ጥሩ ፍንጭ ነው።

የቦርከና ልጅ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡31

ጂን ካልክ አይቀር ልጠይቅ። እኔም 24 ነኝ። በኔም ይመጣል?

ጉም በሐረጎ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡45

ስጋትሽ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ልዋሽሽ አልችልም። ግን ወንድም ወይም እህት ከታመመባቸው 100 ሰዎች 90 ገደማዎቹ ወይም ከዚያ በላይ አይታመሙም። አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳን አንዱ ሲታመም ግማሽ ያህሉ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይቀራል። ጂን ብቻውን አይወስንም።

ሸዋ በር — ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡50

በ2014 ከተማው ሲያዝ ያየነውስ? የኛ ሰፈር ልጆች ከዚያ ወዲህ ደህና አልሆኑም።

ሲስተር ከሆጤ — ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

ከባድ መከራ ስጋቱን ይጨምራል። ግን ያ ሰሞን ያመጣው ቅዠትና መባነን አብዛኛው ሌላ ስም ያለው ሕመም ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። እሱን ለብቻው ክር ክፈቱለት፣ እመጣለሁ።

---

ሞባይል ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ) — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

ስለ በሽተኛው ሁሉም ተናገረ፣ በሽተኛው ግን አልተናገረም። እኔ ነኝ። ከታመምኩ ስምንት ዓመቴ ነው። እኔም ሲሜን ሰብሬያለሁ። አሁን የሰው ሞባይል ጠግኜ ነው የምበላው፣ ሳቁ።

እህቴ፣ ሶኬቱ ላይ አትከራከሩት። «ማንም አይሰማህም» ባሉኝ ቁጥር «እነሱም ከሰሚዎቹ ወገን ናቸው» እል ነበር። አንድ ሰው ብቻ ነበር የረዳኝ፣ አጎቴ። «እኔ ድምፁን አልሰማም፤ አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ። ያስፈራል አይደል?» አለኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ድምፁ ምን እንደሚመስል ትጠይቁኛላችሁ። ከውጭ ነው የሚመጣው። ከሬዲዮ የጠራ ነው። ግን የሚለው ነገር እኔ በሆዴ የማስበው ነበር። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

መድኃኒቱንም ላውራችሁ። መጀመሪያ ሃሎፔሪዶል ሰጡኝ። ድምፁ ራቀ፣ ሰውነቴ ግን ተገተረ። አንገቴ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ቀረ። ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ የምሞት መሰለኝ። አርቴን የሚባል ማስለቀቂያ ሲሰጡኝ ለቀቀኝ። ኋላ ሪስፔሪዶን ሆነልኝ። ወፈርኩ እንጂ ሌላ ክፋት አላየሁበትም። ሁለት ጊዜ «ድኛለሁ» ብዬ አቁሜ ሁለቴም ተመለሰብኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከፋ።

ጉም በሐረጎ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ወንድሜ፣ «በሆዴ የማስበው ነበር» ያልከውን ወረቀት ላይ ለመጻፍ ሰዎች ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ሁላችሁም አሁን ብብታችሁን በራሳችሁ እጅ ኮርኩሩ። አትስቁም። አንጎል እጁን ሲያዝ ለሚሰማው ክፍል «እኔው ነኝ» የሚል መልእክት አስቀድሞ ይልካል። በልባችን ስንናገርም እንዲሁ ነው፤ ተናጋሪው ክፍል ለሰሚው ክፍል ይነግረዋል። ይህ መልእክት ካልደረሰ ወይም ከዘገየ የገዛ ሐሳብ የሰው ድምፅ ሆኖ ይሰማል ነው ሐሳቡ። ድምፅ የሚሰሙ ታማሚዎች ራሳቸውን ሲኮረኩሩ ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚኮረኩራቸው በሙከራ ታይቷል።

ሞባይል ጠጋኙ — ከምሽቱ 3፡43

ሞከርኩት። አልነግራችሁም።

---

ሲስተር ከሆጤ — ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ጠጋኙ ያልከውን ሁሉ አትሜ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ነው።

እህቴ፣ የሰማሽውን የአንገት ነገር እንዳትፈሪው ግን እንድታውቂው። አንገቱ ከተጣመመ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ከተሰቀለ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ውሰጂው። ማስለቀቂያው በእጅ ያለ ነው። ክኒኑን ግን በራሳችሁ አትጣሉት፣ ሐኪሙ ይለውጠው።

ለአባትሽ ደግሞ ይህን አንብቢላቸው። ቡታጅራ ላይ የራሳችን አገር ሰዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ጠይቀው ስኪዞፍሬኒያ ከ1000 ሰው ወደ 5 በሚጠጋው ላይ አገኙ። ከተገኙት አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል አይተው አያውቁም ነበር። በአሜሪካ እንኳን በአንድ ትልቅ ጥናት ግማሹ ታማሚ ሕክምና ሳይጀምር ከ74 ሳምንት በላይ ቆይቷል። በቆየ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል። ልጃችሁ ከጥር ነው የታመመው፣ አሁን ግንቦት ነው። አልረፈደም። ሌላ ማሽን ስትፈልጉ ክረምቱ ቢገባ ግን ይረፍዳል።

---

የቦርከና ልጅ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

አባቴ የጋቢዋን ነገር ሁለቴ አስነበበኝ። «ታዲያ ሐኪሙ ልጄን በምን ለየው?» አለኝ። «አርባ ደቂቃ አነጋግሮት» አልኩት። «እኔ አርባ ደቂቃ አላነጋገርኩትም» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ማታ ክኒኑን ራሱ ይዞለት ገባ።

---

የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን — ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡00

ልጁ እንዴት ሆነ? ጠፋሽብን እኮ።

የቦርከና ልጅ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

አፉ በሉኝ። ይተኛል። በጣም ይተኛል እንዲያውም፣ ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክልለት ነው። ከክኒኑ ይሁን ከሌላ እንጃ ጮክ ብሎ አይስቅም፣ እንደ ድሮው አያወራም። የሚሰማው ድምፅ ቀነሰ እንጂ አልሄደም ይላል። ጫቱን ትቷል፣ ጓደኞቹ ግን አሁንም በር ድረስ ይመጣሉ። ትምህርቱን ለዓመት አስተላልፈንለታል።

ትናንት እናቴ ቡና አፈላች። ስድስት ነበርን። እሷ ደግሞ ረስታ ሰባት ሲኒ ደረደረች። በር ላይ ቆሞ ቆጠረ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ገባ። ሰባተኛውን ሲኒ አንስቶ ገለበጠውና ሬከቦቱ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠ።

የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን — ከምሽቱ 2፡31

ሶኬቶቹስ?

የቦርከና ልጅ — ከምሽቱ 2፡34

የፍሪጁን ብቻ ራሱ አነሳው። የቀሩትን አልነካንም።

ሞባይል ጠጋኙ — ከምሽቱ 2፡50

ሲም ሲፈልግ ፒያሳ ላኩት። እኔ አወጣለታለሁ።